ገላን የት ጋ አለቀ? (የጂኦግራፊ ክበብ የዓመቱ ዘገባ)

የዘንድሮው እቅድ ሌላ ነበር። ስለ ሐይቆቻችን ልንሠራ ነበር። ቢሾፍቱ አድጎ ሆራን፣ ባቦጋያን፣ ኩሪፍቱን የማያውቅ ልጅ የለም፣ ስለዚህ ሥራው ይቀላል ብዬ ነው (እውነቱን ለመናገር ለእኔም ይቀል ነበር)። ጥቅምት ላይ አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣና "ቲቸር፣ ከአዲስ አበባ ስንመጣ ገላን የት ጋ አልቆ ዱከም የት ጋ እንደሚጀምር እርስዎ ያውቃሉ?" አለኝ። አውቃለሁ ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ስንት ዓመት የተመላለስኩበት መንገድ ነው! ሐይቆቹ በዚያው ቀሩ።

ከመስቀል አደባባይ እስከ አዳማ ያሉትን ከተሞች ባንድ ካርታ ላይ ልናወጣ ተስማማን። አቃቂ፣ ገላን፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ። ወረቀቱ ከየሱቁ የለመንነው ካርቶን ነው፣ ተፈታቶ በኮላ ተጣበቀ። አንድ ኪሎ ሜትር በሁለት ሳንቲ ሜትር ስናደርገው ወደ ሁለት ሜትር ወጣው። ዱከም የተሣለችው ጠጋ ብላችሁ ካያችሁ "መኮሮኒ" የሚል ጽሑፍ ላይ ነው። ሚያዝያ ላይ ደግሞ ጣሪያችን አፈሰሰና ውሃው ልክ ሞጆ ላይ አረፈ። ሞጆን ሁለቴ ነው የሠራናት።

መጀመሪያ የሕዝብ ብዛት እንጻፍ አሉ። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም ነው፣ አዳማ 220,212፣ ቢሾፍቱ 99,928፣ ሞጆ 29,547 ይላል። ልጆቹ ሳቁ። ከክበባችን አባላት አንዳቸውም ያኔ አልተወለዱም፣ ማለትም ካርታችን ላይ የተጻፈው ቁጥር ውስጥ እነሱ ራሳቸው የሉበትም። አዲስ ካርታ ፍለጋ አንድ ቢሮ ሄድን። ደብዳቤ አምጡ ተባልን። ደብዳቤ ስንወስድ ማህተሙ ደብዝዟል ተባልን። አዲስ ማህተም አስመትተን ስንሄድ ሰውየው ስብሰባ ነው። ተውነው።

ሸገር ላይም ተጨቃጨቅን። እኛ ትልልቆቹ ሸገር ሲባል አዲስ አበባን ነው የምናውቀው። በ2015 ዓ.ም ግን የኦሮሚያ ክልል በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎን፣ ገላንንም ጨምሮ አንድ አድርጎ ሸገር ከተማ ብሏቸዋል። እና አንዷ ልጅ "እሺ ሸገርን ስንሥል መሃሉን ክፍት እንተወው?" ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ግን ትክክል ናት። አዲስ አበባን እንደ ቀለበት ከቧታል።

ጉዟችን የካቲት ላይ ነበር። በክፍያ መንገዱ አልሄድንም። እሱ ከ2007 ዓ.ም ጀምሮ ሰውን ቶሎ አዳማ ያደርሳል እንጂ ከተማ አያሳይም፣ በአጥር መሃል መብረር ነው። በአሮጌው መንገድ ወጣን። አቃቂና ገላን መሃል ባዶ ቦታ ይገኛል ብለን ስንጠብቅ መጋዘን፣ ፋብሪካ፣ ጎሚስታ፣ ደግሞ መጋዘን። ወሰኑን ያገኘችው አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ናት፣ የሱቅ ታፔላ እያነበበች። እዚህ ጋ አማርኛው ከላይ ነው፣ ትንሽ አለፍ ሲሉ አፋን ኦሮሞው ከላይ ሆነና አማርኛው ወደ ታች ወረደ። "ቲቸር፣ እዚህ ጋ ነው!" ብላ ጮኸች። ሹፌሩ ደንግጦ ፍሬን ያዘ።

ከሁሉ ያስደሰተኝ የሃዲዱ ነገር ነው። የአንድ ተማሪያችን አያት የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበሩ ናቸው፣ ክበባችን ድረስ መጥተው ስለ ሊትሪና (የድሮው የመንገደኛ ባቡር) እና ጣቢያ ላይ በመስኮት ስለሚሸጠው ብርቱካን አወሩልን። አቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ ሁሉም ጣቢያ ነበሩ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው፣ እነዚህ ከተሞች እንደ መቁጠሪያ በአንድ ክር ላይ የተሰኩት በሱ ነው። ከዚያ የተረፈ የድሮ ሃዲድ ያለበት ወሰዱንና ልጆቹ በሜትር ለኩት። ልክ አንድ ሜትር። ደግመው ለኩት፣ ያው አንድ ሜትር። አዲሱ የጅቡቲ ባቡር 1.435 ነው፣ ጣቢያዎቹም ከከተማ ወጣ ብለው ነው የተሠሩት። አባባ "ድሮ ከባቡር ወርደህ ቤትህ ትገባለህ፣ አሁን ከባቡር ወርደህ ታክሲ ትፈልጋለህ" አሉን።

ግንቦት ላይ አንዱ ልጅ ቀይ ክር አመጣ። እያንዳንዱ ከቤቱ ተነስቶ እናትና አባቱ እስከሚሠሩበት ክር ይዘርጋ ተባለ። ወደ ዱከም የሚሄደው ክር ብዛቱ የከተማዋን ስም ሸፈነው፣ የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ነዋ፣ ጠዋት ጠዋት የሰርቪስ አውቶቡስ ሰልፍ የምታዩት ለዚያ ነው። ወደ አቃቂም ብዙ ነው። ወደ ሞጆ ጥቂት፣ የደረቅ ወደብና የቆዳ ፋብሪካ ሰዎች። ረጅሙ የሒሳብ መምህራችን ነው፣ በየቀኑ ከአዳማ። በማርከር ያሰመርነው ወሰን ሁሉ ከክሩ ስር ገብቶ ጠፋ፣ እኔም እውነተኛው ካርታ ይሄኛው ነው አልኩ። የኔ አስተያየት ነው፣ ከልጆቹ ግማሹ አልተስማማም።

ቢሾፍቱና ሞጆ መሃል ግን ገና እርሻ አለ። የአዳ ጤፍ ሲባል የምትሰሙት ይሄ አፈር ነው። ቁንጮ የሚባለው የጤፍ ዝርያም የወጣው እዚሁ ደብረ ዘይት (የቢሾፍቱ የድሮ ስም ነው) ከሚገኘው የምርምር ማዕከል ነው። አንድ አባላችን አያቱ ያርሱት የነበረውን ማሳ በጣቱ አሳየን፣ አሁን ባለ ሁለት ፎቅ ቤቶች ቆመውበታል። ምንም አላለም፣ ካርታው ላይ ብቻ ትንሽ አረንጓዴ ቀባ።

አንድ ነገር ረስቼ። መናኸሪያ ቆመን ወያላዎቹን አዳመጥናቸው። ከተሞቹ ቢሾፍቱና አዳማ መባል ከጀመሩ ቆየ፣ ወያላው ግን አሁንም "ናዝሬት ናዝሬት! የሞላ!" ነው የሚለው። ሁለቱንም ስም ጻፍን።

ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ የሚሠራውን አዲሱን አውሮፕላን ማረፊያ በእርሳስ ነው ያስገባነው። በዓመት 100 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ነው የታሰበው። ሲያልቅ በማርከር እንደግመዋለን።

ካርታው ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ላይ አለ፣ ክሩን አትጎትቱ። መስከረም ላይ በሰበታ በኩል እንቀጥላለን። ደህና ካርቶን ያላችሁ አምጡ፣ የመኮሮኒ ባይሆን ይመረጣል።