መብራቱ የት እንደሚያርፍ ይለካ፦ ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ የተሽከርካሪ የፊት መብራት ልኬት በዓመታዊ ምርመራና በመንጃ ሥልጠና ጥብቅ ትኩረት እንዲያገኝ ስለመጠየቅ

እኛ ሙያችን የመኪና ኤሌክትሪክ ጥገናና የአሽከርካሪ ሥልጠና ነው። የክረምቱ ጉምና ዝናብ ከመግባቱ በፊት አንድ ጉዳይ ልናሳስባችሁ እንወዳለን። በአገራችን መንገድ ላይ ብዙ መኪና መብራት አለው፤ መብራቱ ግን መንገዱ ላይ አያርፍም። ወይ የመጪውን ሾፌር ዓይን ይመታል፣ ወይ ጎማው ሥር ወድቆ ይቀራል።

በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ለቦሎ በሚደረገው ምርመራ መብራት ይበራል አይበራም ብሎ ማለፍ አይበቃም። የአጭር መብራት ብርሃን ከላይ በኩል የሚቆረጥበት መስመር አለው። ይህ መስመር በ10 ሜትር ርቀት ከመብራቱ ከፍታ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። መብራቱ ከመሬት 70 ሴንቲ ሜትር ላይ ከተገጠመ፣ በዚህ ልክ ሲወርድ 70 ሜትር ላይ አስፋልቱን ይነካል። ያው መብራት አንድ ዲግሪ ብቻ ቀና ቢል 60 ሜትር ርቆ የሚመጣ የቤት መኪና ሾፌር ዓይን ላይ ይደርሳል። ለዚህ ደግሞ የግጭት ጉዳት አያስፈልግም፤ ከኋላ የተጫነ ጭነት ብቻ ይበቃል። የአይሱዙ የኋላ ባሌስትራ በጤፍ ወይም በሲሚንቶ ሲቀመጥ ፊቱ ይነሣል፣ አጭር መብራቱም የረጅም ያህል ሆኖ ይወጣል። መጪው ሾፌር ረጅም የተበራበት መስሎት ረጅሙን ይመልሳል፤ ሁለቱም ሳያዩ ይተላለፋሉ።

በብዙ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ከ0 እስከ 3 የተጻፈባት ትንሽ መዞሪያ አለች። ሥራዋ ይህንኑ ማረም ነው፦ ሾፌሩ ብቻውን ሲሆን 0፣ ሰውና ዕቃ በኋላ ሲጫን ወደ 1፣ 2 እና 3 እያለ ብርሃኑን ዝቅ ማድረግ። ለዓመታት ሲነዱ ኖረው አንድም ቀን ነክተዋት የማያውቁ ሾፌሮች ብዙ ናቸው። የመንጃ ፈቃድ ተፈታኝ ስለዚህች መዞሪያ ይጠየቅ እንላለን።

ውድ መሣሪያ በሌለበት የምርመራ ጣቢያም ልኬቱ በግድግዳ ይሠራል። ሜዳው ደልዳላ፣ የጎማው ነፋስ ልክ ይሁን፤ ጋቢና ውስጥ ሾፌር ብቻ ይቀመጥ፤ መዞሪያዋ 0 ላይ ትሁን። መኪናውን ግድግዳ አስጠግቶ የእያንዳንዱን መብራት መሐል በጠመኔ ማመልከት፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ 10 ሜትር ወደኋላ ማፈግፈግና አጭር መብራት ማብራት። የብርሃኑ ጠርዝ ከምልክቱ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር በታች ካልሆነ ኮፈኑን ከፍቶ ከመብራቱ ጀርባ ያለውን የማስተካከያ ብሎን በካቻቪቴ ትንሽ ትንሽ ማዞር ነው። መብራታቸው ከ1 ሜትር በላይ ለተገጠመ የጭነት መኪኖች ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ሁለቱም መብራቶች ሲያልቁ ጊዜው 10 ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

በዚያው ግድግዳ ላይ ሌላም ነገር ይታያል። እኛ ቀኝ ይዘን ስለምንነዳ ጠርዙ በግራ ጠፍጣፋ ሆኖ በቀኝ በኩል ወደ ላይ ዘንበል ይላል፤ የቀኙን የመንገድ ዳር እግረኛ የሚያሳየን ይህ ነው። ግራ ለሚይዝ አገር፣ ለምሳሌ ለጃፓን፣ የተሠራ መብራት የተገጠመበት መኪና ግን ወደ ግራ፣ ማለትም ወደ መጪው መኪና ያነሣል። ይህ በብሎን አይስተካከልም፤ መብራቱ ራሱ መቀየር አለበት። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ መኪና ሲመጣ መጀመሪያ መታየት ያለበትም ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ የገበያው ኤልኢዲ አምፖል ችግሩን አባብሶታል። ኤችፎር የሚባለው ባለሦስት እግር ሃሎጅን አምፖል ውስጥ ሁለት ክሮች አሉ፤ ለረጅሙ 60 ዋት፣ ለአጭሩ 55 ዋት። ከአጭሩ ክር ሥር ትንሽ የብረት ሽፋን አለች፤ ብርሃኑ በመብራቱ አንጸባራቂ ጎድጓዳ ውስጥ ወደ ላይኛው ግማሽ ብቻ እንዲሄድ ታደርገዋለች፣ ያም ተንጸባርቆ ወደ መንገድ ይወርዳል። ርካሽ ኤልኢዲ ሲገባ ብርሃኑ የሚወጣው ክሩ ከነበረበት ቦታ ስላልሆነ ጠርዙ ይበተናል። ሾፌሩ ከፊቱ ነጭ ብርሃን ሲያይ ይደሰታል፤ ብርሃኑ ግን ሩቅ አይደርስም፣ የሚደርሰው መጪው ሰው ዓይን ላይ ነው። መብራት ደከመብኝ ለሚል ሾፌር የመጀመሪያው መፍትሔ ኔጋቲቭ ሽቦውንና ሶኬቱን ከዝገት ማጽዳት ነው። ሃሎጅን አምፖል ላይ የሚደርሰው ቮልት በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይወርዳል።

የጉሙን ነገር ለብቻው እናንሣ። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ሲኬድ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጉሙ በእኩለ ቀንም ይወርዳል። ሾፌሩ መንገዱ ሲጠፋበት በደመ ነፍስ ረጅሙን ያበራል። ጉም ማለት የውኃ ጠብታ ነው፤ ብርሃኑን መልሶ ዓይኑ ላይ ስለሚረጭበት ከፊቱ ነጭ ግድግዳ ይቆማል። ሌላው አራቱንም ፍሬቻ እያበለጨለጨ ይነዳል፤ ከኋላ ያለው ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው ብሎ ይወዛገባል፣ ሲታጠፍም ፍሬቻው አይለይም። ትክክለኛው አጭር መብራት፣ ካለ ከታች የተገጠመውን የጉም መብራት፣ ከኋላ ደግሞ ቀዩን የጉም መብራት አብርቶ ፍጥነት መቀነስ ነው። ቀዩ ጉሙ እንደተገለጠ ይጥፋ፤ ከፍሬን መብራት ጋር ይምታታል።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች አዲስ አደጋ ይዘው መጥተዋል። ሞተሩ ሲነሣ ፊት ለፊት የቀን መብራት በራሱ ይበራል፤ ዳሽቦርዱም ቦግ ይላል። ሾፌሩ መብራቴ በርቷል ብሎ ይሄዳል፤ የብዙዎቹ የኋላ ቀይ መብራት ግን ጨለማ ነው። «ራስ-ሰር» የሚለው ምርጫም ብርሃን የሚለካ እንጂ ጉም የሚያውቅ አይደለም፤ ቀን ላይ ጉሙ ነጭና ብሩህ ስለሆነ አጭር መብራቱን ላያበራው ይችላል። ማብሪያው በስክሪን ውስጥ የተደበቀ፣ ጽሑፉም በቻይንኛ ብቻ የሆነ መኪና አለ። አስመጪው የመብራቱን አጠቃቀም በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች በአንድ ገጽ አዘጋጅቶ ከመኪናው ጋር እንዲያስረክብ ይገደድ ዘንድ እንጠይቃለን።

ለማሠልጠኛ ተቋማትም አንድ ስሌት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 33 ሜትር ሄዷል፤ በደረቅ አስፋልት ለመቆም ሌላ 40 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በደንብ የተስተካከለ አጭር መብራት እንኳ ከ70 ሜትር ብዙም አያሳይም፤ ጥቁር ልብስ የለበሰ እግረኛማ ከዚያ በጣም ቀርቦ ነው የሚታየው። በ60 ኪሎ ሜትር ግን ጠቅላላው 48 ሜትር ይሆናል። በእኛ አገር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ለመጨለም ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ከብት ወደ ቤት የሚነዳውም በዚያችው ሰዓት ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ፣ በቀንም ዋይፐር በሠራ ቁጥር አጭር መብራት እንዲበራ መመሪያው በግልጽ ይዘዝ። ባትሪ ይጨርሳል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም፤ ሁለቱ አምፖሎች 110 ዋት ቢወስዱ የሚሠራ ዲናሞ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ይሰጣል።

ለተበላሸ የጭነት መኪና ቅጠልና ድንጋይ መደርደሩም ይብቃ። ቅጠል ብርሃን አይመልስም፤ ድንጋዩም መኪናው ከሄደ በኋላ አስፋልት ላይ ይቀራል። አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን የሌለው መኪና ቦሎ አይለጠፍለት፤ የተሳቢ ስፖንዳና የኋላ ጠርዝም አንጸባራቂ ፕላስተር ይኑረው።

የግድግዳውን ልኬት ለመጀመር የሚያስፈልገው ደልዳላ ቦታ፣ ሜትርና ጠመኔ ነው። ከሐምሌ በፊት በጥቂት ጣቢያዎች ለመሞከር ከፈቀዳችሁ መርማሪዎቹን ያለ ክፍያ ለማሠልጠን ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
የተሽከርካሪ ኤሌክትሪክና የመንጃ ሥልጠና ባለሙያዎች