መኪናዋን ለሸጠችው ልጄ፣ ስለ መድን

ጎንደር፣ አዘዞ

ውድ ልጄ፣

መኪናሽን ሸጠሽ በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ግዛት፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማ በብስክሌት ወደ ሥራ መመላለስ መጀመርሽን ስትነግሪን እናትሽ ያሳሰባት ብርዱ ነበር። እኔ ግን ዕድሜዬን በመድን ድርጅት የካሳ ክፍል የጨረስኩ ሰው በመሆኔ ወዲያው ያሰብኩት ስለ ውልሽ ነው። የመኪናውን መድን ስታቋርጪ፣ ሌላ ሰው ቢገጭሽ አንቺን ራስሽን ይጠብቅሽ የነበረው ሽፋንም አብሮ ቀርቷል።

በአገራችን ይህ ጥያቄ ብዙም አይነሳም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ተሽከርካሪ ያለውን ሁሉ መድን እንዲገባ ያስገድዳል፤ ገጪው አምልጦ ማንነቱ ሳይታወቅ ቢቀር ወይም መድን ያልገባ ሆኖ ቢገኝ ደግሞ ተጎጂው ካሳ የሚጠይቅበት የመድን ፈንድ አለ። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በብስክሌት የሚወጣ ወጣት (ያንን ዳገት የሚደፍር ከተገኘ ማለቴ ነው፤ ብስክሌት ለባሕር ዳር ሰው ነው) ባጃጅ ቢገጨው፣ መኪና እንዳለውና እንደሌለው የሚጠይቀው የለም። የካሳው ጣሪያ ዝቅተኛ ነው እያልን ስናማርር ኖረናል፤ ቢሆንም ጥበቃውን ለማግኘት ባለ መኪና መሆን አያስፈልግም።

በቨርጂኒያ ነገሩ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ አንድ አሽከርካሪ ሊገባው የሚገደደው አነስተኛ መድን ለአንድ ሰው የአካል ጉዳት 50 ሺህ ዶላር፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱ ሰዎች በሙሉ ደግሞ 100 ሺህ ዶላር ነው። ለእኛ ትልቅ ገንዘብ ቢመስልም፣ በዚያ አገር የሆስፒታል ዋጋ አንድ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ሊጨርሰው ይችላል፤ የጤና መድንሽም ሐኪሙን እንጂ ከሥራ በመቅረትሽ ያጣሽውን ደመወዝ አይከፍልሽም። ይህን ክፍተት የሚሞላው፣ መድን በሌለው፣ በቂ መድን ባልገባ ወይም ገጭቶ ባመለጠ አሽከርካሪ ለሚደርስ ጉዳት የሚሰጠው ሽፋን ነው። የግዛቲቱ ሕግ መድን ገቢዋን በመኪና ውስጥ ሆና ብቻ ሳይሆን ከመኪና ውጭም ስለሚጠብቃት ብስክሌት ላይ ያለች ሴትም ትጠበቃለች። ችግሩ ሽፋኑ የሚሸጠው ከመኪና መድን ጋር ተያይዞ መሆኑ ነው።

ከአክስትሽ ጋር በምትኖሪበት ጊዜ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍልሽም ነበር፤ ሕጉ በአንድ ቤት የሚኖሩ የመድን ገቢውን ዘመዶችም በዚህ ሽፋን ያካትታልና። አሁን አብራሽ የምትኖረው ጓደኛሽ መኪና ቢኖራትም ውሏ ለአንቺ አይደርስም። እኛ እንደ እህትሽ ብናያትም፣ ድርጅቱ የሚያውቀው የሥጋና የጋብቻ ዝምድናን ነው።

ስለዚህ መኪና ሳይኖራቸው አልፎ አልፎ የሰው ወይም የኪራይ መኪና ለሚነዱ ሰዎች የሚሸጠውን የመድን ፖሊሲ ፈልጊ። አረቦኑ አብዛኛውን ጊዜ ከባለ መኪና ያነሰ ነው። የምትገዢው ግን ለመንዳቱ ሳይሆን ለዚያ ሽፋን ስለሆነ ከዝቅተኛው መጠን ከፍ አድርገሽ ያዢው፤ በብስክሌት ወይም በእግር ስትሄጂ የሚሠራ መሆኑንም በጽሑፍ አረጋግጪ። የወኪል የቃል መልስ በካሳ ክፍል ውስጥ ምንም ዋጋ እንደሌለው ከእኔ በላይ የሚነግርሽ የለም። የቤት ተከራይ መድን ደግሞ ብስክሌትሽ ቢሰረቅ ወይም አንቺ እግረኛ ገጭተሽ ብትጠየቂ ሊረዳሽ ይችላል፤ ባለ ሞተር ብስክሌት ከሆነ ግን ብዙ ውሎች ስለሚያገሉት አስቀድመሽ ጠይቂ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ አንድ ሕግ አለ። በእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተጎጂው በከፊል ጥፋተኛ ሲሆን ካሳው ይቀነስበታል፤ በቨርጂኒያ ግን ተጎጂው በቸልተኝነቱ ለአደጋው ጥቂት እንኳ አስተዋጽኦ ካደረገ ጭራሹን ካሳ ሊከለከል ይችላል። ከወንዙ ማዶ ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ይህን ደንብ ለእግረኞችና ለብስክሌተኞች አሻሽሎታል፤ አንቺ የምትኖሪው ግን ከወዲህ ነው። የራስሽ ድርጅትም ቢሆን የሚከፍልሽ ከገጪው ካሳ የማግኘት መብት ሲኖርሽ ስለሆነ፣ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ያለ ነጭ የፊት መብራትና ያለ ቀይ የኋላ አንጸባራቂ መንዳት ሕግ መጣስ ብቻ ሳይሆን ለተከራካሪሽ ማስረጃ ማቀበል ነው።

አያድርገውና አንድ ነገር ቢደርስ ፖሊስ ሳይመዘግበው ከቦታው አትነሺ፤ የገጪው ማንነት ባይታወቅ እንኳ ለድርጅትሽ ሳትዘገዪ አሳውቂ። ለአካል ጉዳት ክስ የሚፈቀደው ጊዜ እዚያም እንደ እኛ አገር ሁለት ዓመት ነው። ከመፈረምሽ በፊት የውሉን ገጾች በሙሉ በቴሌግራም ላኪልኝ፤ እንግሊዝኛው ቢያስቸግረኝም ሽፋን የማይሰጥባቸው ሁኔታዎች የተዘረዘሩበትን ክፍል ከማንም በፊት አገኘዋለሁ።

አባትሽ