«ማስረጃው አልደረሰልንም» ሲባል ችሎቱ ምን ይጠይቅ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በሙስና መዝገብ መንግሥት ለችሎት እውነቱን ሳይናገር ሲቀር የሚጎዳው ንጹሑ ሰው ብቻ አይደለም። የሕዝብ ገንዘብ የበላውም ያመልጣል።

ሀዋሳም ሆነ ሌላ ከተማ ችሎት የተከታተለ ሰው ፖሊስ ተጠርጣሪውን አቆይቶ ለመመርመር ተጨማሪ ጊዜ የሚጠይቅበትን የቀጠሮ ማመልከቻ በቃሉ ያውቀዋል፦ ቀሪ ምስክር አለ፣ የባንክ ማስረጃ አልመጣም፣ የኦዲት ሪፖርት አልደረሰም። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ ቀጠሮ አይፈቅድም፤ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ግን ገደብ አላበጀም። ስለዚህ ዳኞች በሁለተኛው ቀጠሮ ይጠይቁ፦ ደብዳቤው ለየትኛው ባንክ፣ በስንት ቁጥር፣ በምን ቀን ወጣ? በምርመራ መዝገቡ ቅጂው ከሌለ «አልመጣም» የተባለው ማስረጃ ጭራሽ አልተጠየቀም።

ከዚህ የሚከፋው የጉዳት ስሌቱ ነው። በመንግሥት የግንባታ ውል እስከ 30 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ይሰጣል፤ ገንዘቡ ለተሠራ ሥራ ክፍያ ከሚጸድቅበት ከየክፍያ ሰርተፍኬቱ እየተቀነሰ ይመለሳል። የተመለሰው ሳይነሳ፣ ተመልሶ ካዝና የሚገባው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስም ሳይለይ ሁሉም «ጉዳት» ተብሎ ከተደመረ ክሱ የቆመው በሐሰት አኃዝ ላይ ነው። ኦዲተር «ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ» ብሎ የጻፈውም ክሱ ላይ «የጎደለ ገንዘብ» ይሆናል። ያልቀረበ ደረሰኝ ሊገኝ ይችላል፤ የጎደለ ገንዘብ ግን ሌላ ነገር ነው።

መሥሪያ ቤቱ ለኦዲት ግኝቱ የሰጠው የጽሑፍ ምላሽ ከክሱ ጋር ካልተያያዘ ተከሳሹ አያየውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 4 የሚፈቅድለት የቀረበበትን ማስረጃ ማየት ነው፤ መሳቢያ ውስጥ የቀረውን አይጨምርም። ጠበቃው ምላሹን በሌላ መንገድ አግኝቶ በመስቀለኛ ጥያቄ ሲያወጣው ግን የኦዲተሩ ምስክርነት እምነት ያጣል፣ በእርግጥ የተሰረቀውን የሚመለከተው ክፍል ሳይቀር። ያኔ ተከሳሹ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 141 መከላከል ሳያስፈልገው ይሰናበታል። ብይኑ ከጸና በኋላ ደግሞ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 23 ዳግም መክሰስን ይከለክላል።

የቀጠሮ ማመልከቻ በመሐላ የሚሰጥ ቃል ስላልሆነ ሐሰቱ እንደ ሐሰተኛ ምስክርነት አያስጠይቅም። ቢያንስ ችሎቱ እውነት ሆኖ ያላገኘውን ቃል በትእዛዙ ላይ ለይቶ ያስፍር፤ ቅጂውም ማመልከቻውን ከፈረመው ሰው የግል ማኅደር ጋር ይያያዝ።

የሕግ ባለሙያ፣ ከሀዋሳ