እዚያም አንቺው ሁኚ

ውድ ጓደኛዬ፣

እንዴት ከረምሽልኝ? እናትሽ ደህና ናቸው? ልጅሽስ አደገ?

መልእክትሽ ቴሌግራም ላይ ሲገባ ስልክሽ የተጠለፈ መስሎኝ ትንሽ አመነታሁ። ይሄን ያህል ተጠፋፍተናል። ጥፋቱን ለኑሮ እንስጠውና እንለፈው፤ ሰበብማ አንቺም እኔም ሞልቶናል። ልደውልልሽ አስቤ ነበር። እኛን ደግሞ ታውቂናለሽ፣ ስልክ ላይ ወሬው ሌላ ሌላ ቦታ ይወስደንና ዋናው ነገር ሳይነሳ ካርድ ያልቃል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ።

እና የመመረቂያ ጥናትሽን ኤግዛሚነሮች ፊት የምታቀርቢበት ዲፌንስ ደረሰ! እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ከሌሊት ዱቲ ወጥቶ፣ ልጅ አድርሶ፣ ክፍል ገብቶ ማስተርስ መማር ቀልድ አይደለም። ግን "ሰው ፊት መቆሙን ሳስበው ሆዴ ይታወካል፣ እንቅልፍ የለኝም" ያልሽው አሳሰበኝ። ጥናቱን የሠራሽው አንቺ ነሽ። ጤና ጣቢያ ለጤና ጣቢያ ዞረሽ መረጃውን የሰበሰብሽው አንቺ ነሽ። አድቫይዘርሽም ፈርሞበታል። የቀረው ተነስቶ ማውራት ነው፣ እሱ ነው መከራሽን ያሳየሽ።

አይገርመኝም። እኛ እኮ "ትልቅ ሰው ሲያወራ ዝም በይ" እየተባልን ነው ያደግነው። እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ። ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ላይ የሚያነቡት ሁሌ እነዚያው ልጆች ነበሩ፤ ሌሎቻችን ሰልፍ ላይ ፀሐይ እየመታን እንሰማለን። እንዲህ አድገን፣ ሠላሳዎቹን ካለፍን በኋላ "በይ ተነሺና አስረጂን" ስንባል ጉልበት ቢከዳን ምን ይደንቃል?

ፍርሃቱን አጠፋለሁ ብለሽ ግን አትልፊ። አይጠፋም። እኔ በየቀኑ ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት እቆማለሁ፣ የወላጆች ስብሰባ ላይ ማይክ ስይዝ ግን አሁንም ልቤ ድው ድው ይላል። ምክንያቱን አንቺ ከኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ፣ ለቀባሪው ማርዳት እንዳይሆንብኝ። ሰውነት አደጋ የመጣ ይመስለውና አድሬናሊን ይለቃል። ልብ ይፈጥናል፣ አፍ ይደርቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። በሽታ አይደለም፣ ስንፍናም አይደለም። ከመነሳትሽ በፊት ትንፋሽሽን ቀስ ብለሽ፣ ካስገባሽበት ጊዜ አስረዝመሽ አስወጪው። ልብ ረገብ የሚለው ስናስወጣ ነው። ለብ ያለ ውሃ አጠገብሽ ይኑር። ወረቀት በእጅሽ እንዳትይዢ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሪፖርት ሲያነብ እጁ ላይ ያለችው ወረቀት ማይኩ ሥር ትንኮሻኮሽ ነበር፤ አዳራሹ ሪፖርቱን ትቶ ወረቀቷን ነበር የሚያዳምጠው። ምስኪን፣ ጠረጴዛው ላይ ቢያስቀምጣት ኖሮ ማንም አያውቅበትም ነበር።

ማንም አያውቅበትም ያልኩት ለማጽናናት አይደለም። ኬኔት ሳቪትስኪና ቶማስ ጊሎቪች የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት አለ። ንግግር የሚያደርግ ሰው ጭንቀቱ ፊቱ ላይ ተጽፎ የሚነበብ ይመስለዋል፤ ተመልካቹ ግን የዚያን ያህል አያይበትም። እኔ የወደድኩት ቀጥሎ ያለውን ነው። ይህንኑ ነገር አስቀድመው የነገሯቸው ሰዎች፣ ካልተነገራቸው የተሻለ ተናገሩ። ራሳቸውም ተመልካቾቹም እንዲያ ብለው መሰከሩ። መድኃኒት አልዋጡ፣ ሥልጠና አልወሰዱ። በቃ፣ አሁን አንቺም ተነግሮሻል።

እኔን ከፍርሃቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ፍርሃቱ የሚያመጣው ድምፅ ነው። ሻይ እየጠጣን ስንሳሳቅ የነበርን ሰዎች ማይክ ስንይዝ "ከዚህ አንጻር"፣ "በሚል እሳቤ"፣ "አቅጣጫ ተቀምጧል" ማለት እንጀምራለን። ሁላችንም ዜና አንባቢ እንሆናለን። የተውሶ ቀሚስ ነው፤ እሱን ስናስተካክል የምንለውን እንረሳለን። አንቺ ደግሞ የራስሽ አለሽ።

ልጄን ለክትባት ይዤ አንቺ ጋ የመጣሁ ዕለት ትዝ ይልሻል? ጠዋት ነው። እናቶች አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል፣ ቦታ ያጣችው ቆማለች። አንቺ ነጭ ጋዋንሽን ለብሰሽ መሀላቸው ቆመሽ ስለ ጡት ማጥባት ታስተምሪያለሽ። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ውሃም ቢሆን አይሰጥም። አንዲት አያት ከኋላ ተነሱና "እኛስ ቅቤ እያላስን አይደል ያሳደግናችሁ?" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንቺ አልደነገጥሽም፣ መጽሐፍም አልጠቀስሽም። "እማማ፣ ቅቤውን ለእናትየው ይስጧት፣ እሷ በወተቷ ታደርስለታለች" አልሻቸው። አያትየው ራሳቸው ሳቁ። ከዚያ የሕፃን አንጀት ገና ያልጠነከረ መሆኑን ረጋ ብለሽ አስረዳሻቸው። ሰው ሁሉ ጆሮውን ሰጥቶሽ ነበር። እኔም ጭምር፣ ያውም ልጄ እየጮኸ።

እና ሰው ፊት መናገር አልችልም የምትይኝ አንቺ ነሽ? ዲፌንሱም እኮ ስለዚሁ ጉዳይ ነው። የተለየው አዳማጩ ነው። ቁጥራቸው እንደሆነ ከአግዳሚው ያንሳል።

እንግሊዝኛው ነው የሚያስፈራኝ ትያለሽ። እውነትሽን ነው፣ ይከብዳል። ጃንሆይ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ፣ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ለመናገር ሲቆሙ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት አወኳቸው። ፉጨቱ እስኪበርድ ዝም ብለው ቆሙ። ከዚያ፣ ፈረንሳይኛ አሳምረው እያወቁ፣ ንግግራቸውን በአማርኛ አነበቡት። አንቺ ይህ ምርጫ የለሽም፣ ደንቡ እንግሊዝኛ ነው። ዝም ብሎ መቆሙን ግን ማን ይከለክልሻል? ስላይድ ስትቀይሪ፣ ጥያቄ ሲመጣ፣ ቃል ሲጠፋሽ፣ ትንሽ ዝም በይ። ላንቺ ዘመን የሚመስልሽ ዝምታ ለሰሚው ምንም አይደለም።

ልምምዱን ደግሞ በአማርኛ ጀምሪው። ቡና ሲፈላ ለእናትሽ ንገሪያቸው። "እና ምን አገኘሽ?" ማለታቸው አይቀርም፤ ከኤግዛሚነር ጥያቄ አይተናነስም። ለእሳቸው የሰጠሽውን መልስ በአጫጭር እንግሊዝኛ አስቀምጪው። አትሸምድጂ። ከተሸመደደ ነገር አንዷ ቃል ስትጠፋ የተቀረውን ይዛው ትሄዳለች። መግቢያሽን ብቻ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች፣ በቃልሽ ያዢ፤ ከዚያ በኋላ አፍሽ ይፈታል። ስላይዱ ላይም ጽሑፍ አታብዢ፣ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ ስታነቢ ትውያለሽ።

የማታውቂው ጥያቄ ከመጣ "ጥናቴ ይህንን አላየውም" ማለት ነውር የለውም። መልስ እየፈበረኩ ከመንተባተብ በብዙ ይሻላል። ኤግዛሚነሮች እንደሆኑ የተፈበረከ መልስ ሲሰሙ አዲሳቸው አይደለም።

ቀኑንና የአዳራሹን ቁጥር ላኪልኝ። ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ። መሀል አካባቢ እቀመጣለሁ፣ እኔን እያየሽ ደግሞ እንዳትስቂ። ለኤግዛሚነሮቹ የሚቀርበውን ውሃና ብስኩት እኔ ይዤ ስለምመጣ ስለ እሱ አታስቢ። ኬኩን ግን ከአሁኑ እዘዢ፣ የመጨረሻ ቀን ላይ አይገኝም።

እናትሽን ሳሚልኝ።

ያንቺው