ትኬቱ ላይ 10 ሰዓት ይመስላል

ይድረስ ለወንድሜ፣

መክረሜን አውቃለሁ፤ ስድብህን ለሌላ ቀን አቆይልኝ። አሁን ያስጻፈኝ የእማማ ጉዞ ነው።

የላክህላቸውን ትኬት ይዘው መጡ። ከቦሌ 22:30 ተነስቶ በማግስቱ 8:30 ዋሽንግተን ደለስ ይገባል። «10 ሰዓት ብቻ ነው» ብለው ተደስተዋል። አንተ ነህ አይደል እንዲህ ያልካቸው? ሂሳብ ድሮም አይሆንልህም። እናንተ አሁን ከእኛ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናችሁ (ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መግቢያ 8 ይሆናል)። እሳቸው እዚያ ሲያርፉ እኛ ጋ 15:30፣ ማለትም ከቀኑ 9:30 ነው፤ 17 ሰዓት ሞላ። 22:30 የሚለውንም «ከምሽቱ 4:30» ብዬ ከትኬቱ ጀርባ በእስክሪብቶ ጽፌላቸዋለሁ።

በአየር ቢለካ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሰዓት 900 ለሚበር አውሮፕላን 13 ሰዓት ግድም። ሲመለሱ እንደዚያው ነው፣ ሳያርፍ ቦሌ። ሲሄድ ግን ቦሌ 2,300 ሜትር ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያጥራቸዋል፣ ሙሉ ሰውና ሙሉ ነዳጅ አብሮ አይነሳም። ደለስ ከባሕር ጠለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ላይ ላይ የሚነፍሰው ነፋስም ከምዕራብ ነው፤ ሲሄዱ ፊት ለፊት፣ ሲመለሱ ከጀርባ። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል።

የሚያስጨንቀኝ ይቺ ማረፊያ ናት። ጎማው መሬት ሲነካ እማማ «ተመስገን!» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ይነሳሉ። አስጠናኋቸው፤ በመጀመሪያው ቁጭ፣ በሁለተኛው ውርድ። እሺ ይላሉ፤ ግን ታውቃቸው የለ? እባክህ እግራቸው ደህና ቢሆንም ዊልቸር አስይዝላቸው። የምንፈልገው ወንበሩን ሳይሆን ገፊውን ነው፤ ከበር እስከ ፓስፖርት መስኮት፣ ከዚያም እስከ ሻንጣው ያደርሳቸዋል። ቢያንስ ከ2 ቀን በፊት ደውል፤ በዕለቱ ቢጠየቅ ላይገኝ ይችላል።

«አየር ያጥረኛል» የሚሉት ደግሞ አስቆኛል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ እየኖሩ! አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው አየር ከ2,400 ሜትር ከፍታ አየር በታች አይሳሳም፤ ለሳንባቸው አዲስ አበባ እንደመውረድ ነው። ጆሮ ግን ይደፍናል፤ ማረፍ ሲጀምር የሚመጠምጡት ከረሜላ በቦርሳቸው አለ። በየሁለት ሰዓቱ ተነስተው ይራመዱ፣ አለዚያ እግር ያብጣል።

ከዚህ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። በጫጫ፣ በሸኖ፣ በሰንዳፋ አድርገን ለገጣፎ ስንደርስ መጨናነቁ አለ፤ ከበረራው 3 ሰዓት በፊት፣ ከምሽቱ 1:30 ቦሌ መድረስ አለብን። ስለዚህ ከቀኑ 6 ሰዓት እንነሳለን።

ያቺን ብር... አልረሳኋትም። በእማማ እጅ ልላክ ብዬ ነበር፣ አልሞላልኝም፤ በሶና ቆሎ ብቻ አሲዤልሃለሁ። ዊልቸሩን እንዳስያዝክ ግን ደውልልኝ፤ ስለ ብሩ አታንሳ እንጂ ስልኩን አነሳዋለሁ።

ያው ወንድምህ