«ሴቶች ፍርሃት ያበዛሉ» ላላችሁን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ አዲስ አበባ ምሽት ያወጣችሁትን ዘገባ እኔም አንብቤዋለሁ። መብራቱ፣ ሰፊው የእግረኛ መንገድ፣ አራት ኪሎ ላይ ልጆቹን ይዞ የሚንሸራሸረው አባት፣ ሁሉም ደስ ይላል። መንገዱ አምሯል፣ ማን ይክዳል? እኔን ያበገነችኝ መሃል ላይ የተሸጎጠች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። መንገድ ላይ ይበልጥ የሚዘረፉት ወንዶች ሆነው ሳለ ይበልጥ የሚፈሩት ሴቶች ናቸው፣ ስለዚህ የሴቶቹ ሥጋት «የተጋነነ» ነው ትላለች።

እሰይ! ቀደም ብላችሁ ብትነግሩኝ የባጃጁ ብር ይተርፈኝ ነበር።

የምሠራው ቦሌ፣ አንድ ሆቴል ኪችን ውስጥ ነው። የማታ ሺፍት ስንሆን ሰርቪሱ ጀሞ ዋናው መንገድ ላይ አውርዶን ይሄዳል። ወደ ብሎካችን የሚያስገባው መንገድ በአንድ ጎኑ የግንባታ ቆርቆሮ አጥር፣ በሌላው ክፍት ቦይ ነው። መብራት የለውም። ባጃጅ ከተገኘ ኮንትራት ነው፣ ከ100 ብር በታች ጆሮ አይሰጡም። ካልተገኘ ተጠባብቀን አብረን እንገባለን። መጨረሻው ብሎክ የምትኖረዋ ልጅ ግን ብቻዋን መቅረቷ አይቀርም። (ውሻውና ጅቡ ለወንድም ለሴትም እኩል ነው፣ በእሱ አልከራከርም።)

ወንድሜ እዚሁ መንገድ ላይ ስልኩን ተነጥቋል። ጣቢያ ሄደ፣ ተመዘገበለት። እኔን ደግሞ አንዱ ከዋናው መንገድ ጀምሮ እየተሳደበ ተከተለኝ፣ ክንዴን ይዞ ሲጎትተኝ ጮህኩ፣ የግቢው ዘበኛ ደርሶ አስጣለኝ። በማግስቱ ጣቢያ ሄድኩ። «ምን ወሰደብሽ?» ተባልኩ። ምንም። «በዚያ ሰዓት ከየት ስትመጪ ነው?» ይቺን ጥያቄ ወንድሜን የጠየቀው የለም። እሱ መዝገብ ላይ ሰፈረ፣ እኔ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ዘጋቢያችሁም መዝገብ ቆጥሮ ፈሪ አለኝ።

ደግሞስ ወንዱ የሚዘረፈው መንገድ ላይ ስላለ አይደለም? ሴቷ የኤክስቴንሽን ትምህርቷን አቋርጣ፣ ባጃጅ ተከራይታ፣ ወይም ገና ሳይመሽ ቤቷ ገብታ ከዘራፊ ብታመልጥ፣ ያመለጠችው ስለፈራች ነው። እናንተ ፍርሃቷ ያተረፈላትን አይታችሁ ፍርሃቷን ከንቱ አላችሁት።

የእኛ የጀሞ ሴቶች ጠባይ እንዳይመስላችሁ። ጋሉፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት አጥኚ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 በ143 አገሮች፣ ማታ በሚኖሩበት አካባቢ ብቻቸውን ሲሄዱ ደኅንነት ይሰማቸው እንደሆነ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። አዎ ያሉት ከወንዶች 72 በመቶ፣ ከሴቶች 62 በመቶ ናቸው። የ143 አገር ሴት ተመካክራ አጋነነች እንበል? የተባበሩት መንግሥታትም ተመሳሳይ ጥያቄ ከዘላቂ ልማት ግቦች መለኪያዎች መሃል አስገብቷል። ሰው የሚጠየቀው ስለሚኖርበት ሰፈር ነው። እናንተ የጠየቃችሁት አራት ኪሎ ለሽርሽር የወጣውን ነው። ያውም ስማቸው የተጠቀሰው በሙሉ ወንዶች!

ዘጋቢያችሁ ወደኛ ብቅ ቢል ደስ ይለናል። ሰርቪሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ያወርደናል፣ የሚያናግራት ሴት አያጣም። መኪናውን ግን ዋናው መንገድ ላይ ያቁምና ከእኛ ጋር በእግሩ ይግባ።

አንዲት የኪችን ሠራተኛ፣ ከጀሞ