ደብዳቤ ለልጄ፦ ቶሮንቶ በመኪና ነው በፕሌን?

ሚሚዬ፣

ትናንት በስልክ "አባዬ፣ ቶሮንቶ አክስቴ ጋ በመኪና እንሂድ ወይስ በፕሌን?" ብለሽ ስትጠይቂኝ ትንሹ እያለቀሰ ስለነበር በደንብ አላወራንም። ባለቤትሽ መኪና ይላል፣ አንቺ ፕሌን ትያለሽ፣ እናትሽ ደግሞ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ብላ ወሬውን ዘጋችው። በቴክስት የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ወሰንኩ።

መጀመሪያ የማስበውን ልንገርሽ። ባለቤትሽ ሙሉ ሳምንት ፈቃድ ካገኘ በመኪና ሂዱ፤ መንገዱን ግን ለሁለት ቀን ክፈሉት። ከሐሙስ እስከ እሁድ ብቻ ከሆነ መኪናውን ተዉትና ቲኬት ቁረጡ። ዓርብ ማታ ከሥራ ወጥቶ፣ ሌሊቱን ነድቶ፣ ቅዳሜ ጠዋት ቶሮንቶ መግባት የሚለውን ሐሳብ ግን ፈጽሞ አልስማማበትም። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከገንዘቡ ስለሆነ እሱን ቶሎ እንጨርሰው። ያየሽው ቲኬት በሰው 310 ዶላር ነው ብለሻል። ትንሹ ሁለት ዓመት ስላልሞላው ጭን ላይ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ለእናንተ ለሁለታችሁ፣ ለትልቁ ልጅና ለአያትሽ አራት ወንበር፣ 1,240 ዶላር። ሻንጣና የኤርፖርት ፓርኪንግ ሲጨመር ወደ 1,500 ይጠጋል። በመኪና ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ቶሮንቶ ደርሶ መልስ 1,000 ማይል ገደማ ነው። በጋሎን 25 ማይል ቢሄድ 40 ጋሎን፣ ጋሎኑ 3 ዶላር ተኩል ቢሆን 140 ዶላር። ባለቤትሽ ሒሳቡን እዚህ ላይ ነው የሚያቆመው። ግን መኪና ቤንዚን ብቻ አይበላም። ጎማ አለ፣ ዘይት አለ፣ ማይሉ በጨመረ ቁጥር የሚወርደው ዋጋው አለ። ግብር ሰብሳቢው አይአርኤስ ለ2025 በሥራ ለተነዳ መኪና በማይል 70 ሳንቲም የፈቀደው ይህን ሁሉ አስቦ ነው። ታክሲ ስነዳ በየዓመቱ ታክስ ሲደርስ የምሠራው ሒሳብ ስለሆነ አውቀዋለሁ። በዚህ አያያዝ 1,000 ማይል 700 ዶላር ይመጣል። ስትሄዱና ስትመለሱ የምታድሩበትን ሆቴል ጨምሪበት። አሁንም መኪናው ይረክሳል፤ ግን አሥር እጥፍ አይደለም።

ሰዓቱም እንደዚያው ያታልላል። ፕሌኑ አየር ላይ የሚቆየው አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ከቤት እስከ ኤርፖርት ያለውን፣ ለውጭ በረራ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መገኘቱን፣ የቶሮንቶ ኤርፖርት ፒርሰን ስትደርሱ የኢሚግሬሽኑን ሰልፍና የሻንጣውን ጥበቃ፣ ከዚያ አክስትሽ ቤት ድረስ ያለውን ደምሪው። ከሰባት ሰዓት አይወርድም። መኪናው ደግሞ በጥሩ ቀን ዘጠኝ ሰዓት፣ ከእረፍቱና ከድንበሩ ድልድይ ሰልፍ ጋር አሥራ አንድ። ልዩነቱ አራት ሰዓት ነው ማለት ነው። ሲመለሱ ግን ፕሌኑ ጥሩ ነገር አለው፤ የአሜሪካ ኢሚግሬሽን እዚያው ፒርሰን ውስጥ ስላለ ሁሉን ጨርሳችሁ ነው የምትሳፈሩት፤ እዚህ ስትደርሱ እንደ ሀገር ውስጥ በረራ ሻንጣ ይዞ መውጣት ብቻ ነው።

እና ገንዘብም ሰዓትም አይደሉም የሚወስኑት። የሚወስኑት አያትሽና መሪውን የሚይዘው ሰው ናቸው።

አያትሽ አይደክመኝም ይላሉ። ሁሌም እንደዚያ ነው የሚሉት። እሳቸውን አትጠይቂ፣ ከመኪና ሲወርዱ እግራቸውን እይ። የጫማቸው ማሰሪያ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ሰርጉዶ ይቀራል፣ ከሰዓታት በኋላም አይጠፋም። የአሜሪካ የጤና መሥሪያ ቤት ሲዲሲ እንደሚለው ከአራት ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ ለደም መርጋት ያጋልጣል፤ ፕሌን ብቻ ሳይሆን መኪናም፣ አውቶቡስም፣ ባቡርም ያው ነው። ዕድሜ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። መኪና ግን ሲፈልጉ የሚያቆሙት ነገር ነው። በየሁለት ሰዓቱ ቁሙ፣ አውርዷቸው፣ አሥር ደቂቃ ይራመዱ። ትንሹም ከካር ሲቱ ወጥቶ መንፈራገጥ ይፈልጋል። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማቸውንም ጠይቂልኝ። በፕሌን ከሆነ ደግሞ ዊልቸር ከቲኬቱ ጋር አብራችሁ እዘዙ። "ሰው ምን ይለኛል" ብለው እንቢ ሊሉ ይችላሉ፤ ከአሁኑ አስረጃቸው። የኤርፖርት ኮሪደር ለእሳቸው ጉልበት ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ሌሊቱ ልምጣ። ባለቤትሽ ጎበዝ ሹፌር ነው፣ እመሰክርለታለሁ። እንቅልፍ ግን ጉብዝና አይመለከትም። ጠዋት በእኛ 12 ሰዓት ተነስቶ ሥራ የዋለ ሰው፣ ማታ በፈረንጅ 11 ሰዓት ላይ 17 ሰዓት ነቅቷል። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ደግሞ 0.05 በመቶ አልኮል ደሙ ውስጥ እንዳለበት ሰው ነው የሚሆነው፤ ይህን ያጠኑት ሰዎች ናቸው የሚሉት። ዓርብ ማታ የሀይዌይ 270ን ትራፊክ አልፋችሁ፣ አንዴ ለእራት ቆማችሁ፣ በዚያ ሰዓት የት ናችሁ? ገና ፔንሲልቬንያ ውስጥ፣ ዊልያምስፖርት አካባቢ፣ ወደ ተራራው ልትወጡ ስትሉ።

ያንን መንገድ አውቀዋለሁ። ከሀሪስበርግ በኋላ ሩት 15 የሳስኳሃና ወንዝን ይዞ ነው የሚሄደው። ቀን በጣም ያምራል፤ ወንዙ ሰፊ ነው፣ ልጆቹ በመስኮት ያዩታል። ማታ ግን ጨለማ ነው፣ አጋዘንም አለ። ፔንሲልቬንያ በመኪናና በአጋዘን ግጭት ከአሜሪካ ግንባር ቀደም ከሚባሉት ስቴቶች አንዷ ናት። አጋዘን መብራት ሲያይ አይሸሽም፣ ይቆማል። አንዷ ከተሻገረች ደግሞ ከኋላዋ ሌላ አለች ብለሽ ነው ማሰብ ያለብሽ። የነቃ ሹፌር ፍሬን ይይዛል። ዓይኑን ከፍቶ የተኛ ሹፌር ግን አያያትም። አዎ፣ ዓይን ተከፍቶ ይተኛል፤ የሌሊት ሺፍት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ኤግዚቱን ያልፋል፣ ያለፈውን አምስት ማይል እንዴት እንደነዳ አያስታውስም፣ ጎማው የመንገዱ ጠርዝ ላይ ትርርር ሲል ነው የሚባንነው። መስኮት መክፈት፣ ሙዚቃ ከፍ ማድረግ፣ ቡና በላይ በላዩ መጠጣት አያድኑም። የሚያድነው መተኛት ብቻ ነው። ከኋላ የተቀመጡት የልጅ ልጆቼ ናቸው፣ ሚሚ። በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

ስለዚህ በመኪና ከሆነ እንዲህ አድርጉ። ጠዋት ተነሱ። በፍሬድሪክ፣ በጌቲስበርግ፣ በሀሪስበርግ አድርጋችሁ ሩት 15ን ይዛችሁ ኮርኒንግ ኒውዮርክ ድረስ ውጡ፤ ከዚያ በሀይዌይ 86 እና በ390 አድርጋችሁ 90ን ያዙ፣ ቡፋሎ ይወስዳችኋል። ማታውን ቡፋሎ ወይም በአሜሪካ በኩል ያለው ናያግራ እደሩ። ጠዋት ፏፏቴውን እዩ፣ ከዚያ ድንበር ተሻገሩ። ከዚያ ቶሮንቶ ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ትልቁ ልጅሽ ያንን ውኃ ሲያይ የሚሆነውን ከአሁኑ እየገመትኩ ነው። የፈረስ ጫማ የሚመስለው ትልቁ ፏፏቴ 57 ሜትር ገደማ ነው የሚወርደው። በፕሌን ብትሄዱ ናያግራን ለማየት ከቶሮንቶ እንደገና መኪና መከራየት ሊኖርባችሁ ነው።

ወረቀቱን ዛሬውኑ አውጥታችሁ እዩት፤ ከመኪናና ከፕሌን አንዱን ሊወስንላችሁ የሚችለው እሱ ነው። ትንሹ ፓስፖርት የለውም አይደል? በየብስ ከሆነ ከ16 ዓመት በታች ያለ አሜሪካዊ ልጅ በልደት ሰርተፊኬቱ ድንበር ማለፍ ይችላል። በፕሌን ግን ጭን ላይ የተቀመጠ ሕፃንም የራሱ ፓስፖርት ያስፈልገዋል። የልጅ ፓስፖርት ለማውጣት ደግሞ የሁለታችሁም ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ሳምንታትም ይፈጃል። ከአሁን ካልጀመራችሁ ፕሌኑን ከነጭራሹ እርሱት። እናንተ ሁለታችሁ ፓስፖርታችሁን ያዙ። መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ ያለው ኮከብ፣ ሪል አይዲ የሚባለው፣ ለሀገር ውስጥ በረራ ነው እንጂ ለድንበር አይሠራም። ብዙ ሰው ይህን ያምታታል።

የአያትሽ ደግሞ ሌላ ነው። ግሪን ካርድ ስላላቸው የካናዳ ቪዛ አያስፈልጋቸውም። ነገር ግን ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ ካናዳ የግሪን ካርድ ባለቤቶችን በየብስም በአየርም ሁለቱንም ትጠይቃለች፤ ያልተቃጠለ ግሪን ካርድና ያልተቃጠለ የሀገራቸው ፓስፖርት። የድሮውን አሠራር የሚያውቅ ሰው "ግሪን ካርዱ ይበቃል" ሊልሽ ይችላል፣ አትስሚው። የኢትዮጵያ ፓስፖርታቸው መቼ እንደሚያልቅ እይ። ካለቀ በኤምባሲ ማሳደስ ጊዜ ይፈልጋል። እሳቸውን ቤት ጥሎ መሄድ ደግሞ የሚታሰብ አይደለም፤ አክስትሽ የጠራችው በዋናነት እሳቸውን ነው።

አንድ ሌላ ነገር። አንቺ በእኔ ስም ነው የምትጠሪው፣ ልጆቹ በአባታቸው። ለእኛ የተለመደ ነው፤ ድንበር ላይ ያለው ኦፊሰር ግን የእናትና የልጅ ስም ለየቅል ሲሆንበት ሊጠይቅ ይችላል። ባለቤትሽ ለሥራ ቀድሞ ከተመለሰና አንቺ ብቻሽን ከልጆቹ ጋር ከቀረሽ፣ በኖተሪ የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ ከእሱ ያዢ። የሁለቱንም ልጆች የልደት ሰርተፊኬት አብረሽ አድርጊ።

ድልድዩ ላይ ሙዚቃውን አጥፉ፣ የኋላውን መስኮት ሳይቀር ዝቅ አድርጉ፣ አንድ ሰው ብቻ ይናገር። የት ትኖራላችሁ፣ የት ትሄዳላችሁ፣ ስንት ቀን፣ ምን ይዛችኋል፣ መሣሪያ አለ ወይ፤ ይህን ነው የሚጠይቁት። እናትሽ በርበሬውንና ሽሮውን መቋጠር ጀምራለች። ይዛችሁት ሂዱ፤ ምግብ አለ ወይ ሲሏችሁ ግን አለ በሉና አሳዩ። ሥጋና ቋንጣ አትያዙ፣ ጣጣው አያስፈልግም። የጁላይ 1 እና የጁላይ 4 ሰሞንን ሽሹ፤ ሁለቱም ሀገሮች በዓል ስላላቸው ሰልፉ ይረዝማል።

ከተሻገራችሁ በኋላ ባለቤትሽ ይህንን ይስማ፦ እዚያ 100 የሚለው ታፔላ ኪሎሜትር ነው፣ 62 ማይል ማለት ነው። ዳሽቦርዱን ወደ ኪሎሜትር ይቀይረው። ኦንታሪዮ ውስጥ በሀይዌይ ከተፈቀደው በ50 ኪሎሜትር በሰዓት ያለፈ ሰው፣ መንጃ ፈቃዱን ለ30 ቀን ይነጠቃል፣ መኪናው ለ14 ቀን ይታሰራል። ዕረፍታችሁ እዚያው አለቀ ማለት ነው። 407 የሚባለው ሀይዌይ ውድ የክፍያ መንገድ ነው፣ ጂፒኤሱ ላይ ክፍያ ያለበትን መንገድ አጥፉት። ከተማው ውስጥ ደግሞ ከመኪና ጋር በአንድ መንገድ የሚሄደው ባቡር፣ ስትሪትካር የሚባለው፣ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ በሩን ከከፈተ፣ ከኋላው መቆም ግዴታ ነው፤ ሰዎቹ የሚወርዱት እናንተ የምትነዱበት መስመር ላይ ነው። ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ያሉት የእኛ ሬስቶራንቶች ጋ ስትሄዱ ግን ባቡሩ ከመሬት በታች ስለሆነ ያ ችግር የለም።

ለኢንሹራንሳችሁ ደውሉና ካናዳ ይሸፍን እንደሆነ አረጋግጡ፣ የካናዳ ካርድ ላኩልን በሏቸው፤ ብዙውን ጊዜ በነፃ ነው የሚሰጡት። የአያትሽ የመንግሥት ጤና ኢንሹራንስ፣ ሜዲኬር፣ ግን ከጥቂት ለየት ካሉ ሁኔታዎች በቀር ካናዳ ውስጥ አይከፍልም። በመኪናም ሆነ በፕሌን ለእሳቸው የጉዞ ጤና ኢንሹራንስ ግዙ። ገንዘቡን እኔ እከፍላለሁ። መድኃኒታቸውም በየዕቃው ይሁን፣ በላስቲክ አትቋጥሩት።

ይህን ለባለቤትሽ አንብቢለት። ሌሊት እንዳይነዳ የምለው ስለማልተማመንበት እንዳልሆነ ንገሪው። ፈቃዱ ስንት ቀን እንደሆነ አለቃውን ጠይቆ እስከ እሁድ ያሳውቀኝ። አንቺ ደግሞ ዛሬ ማታ የአያትሽን ፓስፖርት ፎቶው ያለበትን ገጽ አንሺና ላኪልኝ፤ ካለቀ ሰኞ ጠዋት እኔው ራሴ ኤምባሲ እወስዳቸዋለሁ።

አባትሽ